የተፋቀው ነፍጥ

በአፈሙዙ ባሩድና እርሳስ የሚጎርስ አሮጌ ነፍጥ ከገበሬ ቤት ገዝቶ፣ አሳድሶ፣ ሳሎን መስቀል በእኛ በጎጃሞች ዘንድ የኩራት ሥራ ሆኗል። መግዛቱን አልነቅፍም። ጣራ ሥር ተሰክቶ ዝገት ከሚጨርሰው ወይም ቀጥቃጭ ማረሻ ከሚያደርገው ገዢ ቢያገኝ ይሻለዋል። የምነቅፈው ‹‹ማሳደስ›› የተባለውን ነው።

እስቲ የሚደረገውን እንመልከት። በርሜሉ እንደ ማንኪያ እስኪያብረቀርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል። ሰደፉ ቫርኒሽ ይጠጣል። ስንጥቁን አቅፎ የኖረው ጠፍር ‹‹ያስጠላል›› ተብሎ ይጣላል። ያ ጠፍር ግን ሌላ ነፍጥ መግዛት ያልቻለ ሰው እርጥብ ቆዳ ጠምጥሞ፣ ቆዳው ደርቆ እንጨቱን እስኪጨብጥ የጠበቀበት ነው። እዚሁ ጉንደ ወይን እንዲህ የታደሰ አንድ ነፍጥ ለማየት የሻጩ ልጅ መጥቶ ነበር። አገላብጦ አየና ‹‹ይኼ የእኛ አይደለም›› ብሎ ወጣ። የሚያውቀው በጠፍሩ ነበር።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ስርዝ ድልዝ ያለበት ቼክ ቢቀርብልኝ፣ አቅራቢው የቱንም ያህል የተከበረ ሰው ቢሆን አልከፍልም፤ የተፋቀ ወረቀት ጸሐፊው ምን እንዳለ አያስረዳምና። የተፋቀ ነፍጥስ በምን ይለያል? የሠሪው ማኅተም፣ በቢላ የተቀረጸች ትንሽ መስቀል ቢኖሩበት ኖሮ ከዝገቱ ጋር ሄደዋል።

‹‹አባቶቻችንም እኮ መሣሪያቸውን ይወለውሉ ነበር›› የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ ይወለውሉ ነበር እንጂ አይፍቁም ነበር። ባሩድ ከ100 እጅ 75ቱ የባሩድ ጨው፣ 15ቱ ከሰል፣ 10ሩ ድኝ ነው። ሲቃጠል የሚተወው ጥላሸት እርጥበት እየሳበ ብረት ስለሚበላ፣ ከተኩስ በኋላ አጥቦና አድርቆ ቅባት መቀባት ግድ ነው። ይህ ጥበቃ ይባላል። የዛሬው ግን ገፈፋ ነው!

ደግሞስ ምን እንደምንገፍ እናውቃለን? ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ግርጌ በእሮጌ ሜዳ፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ነፍጠኞች በአፈሙዝ የሚጎርሰውን ይዘው ከኋላው የሚጎርስ ስናይደር ከያዘ የእንግሊዝ ጦር ጋር ገጠሙ። አንዱ ባሩድ አፍስሶ፣ እርሳስ ከትቶ፣ በዘንግ ጠቅጥቆ እስኪያበቃ ሌላው ደጋግሞ ይተኩሳል። ያ መሣሪያ በኋላ እኛም ዘንድ ገብቶ ሰናድር ተባለ፤ የፈረንሳዩ ግራም ውጅግራ ሆነ። በአፈሙዝ የሚጎርሰው የዚያ የእሮጌ ቀን ምስክር ነው። ምስክርን አጥቦ፣ ላጭቶ፣ ሱፍ አልብሶ ችሎት ማቆም ምን ይሉታል?

(በክልላችን በ2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ስለ ጠመንጃ የሚጽፍ ሰው በጥርጣሬ እንደሚታይ አውቃለሁ። የእኔው ግን አይተኩስም።)

ሕጉም ቢሆን ከአሳዳሾች ጋር አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የሚጠግን ሰው አስቀድሞ የባለሥልጣኑን ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል። ለብርጭቆ ወረቀት ማን ፈቃድ ጠየቀ?

እንግዲህ መግዛታችሁ ካልቀረ አስቀድማችሁ ጎርሶ እንደሆነ እወቁ። ዘንግ እስከ ታች አስገብታችሁ ጥልቀቱን በውጭ ከበርሜሉ ርዝመት ጋር አስተያዩ፤ ልዩነቱ ከበዛ ውስጡ አንድ ነገር አለና ለሚያውቅ ሰው ስጡት። ባሩድ ከደረቀ መቶ ዓመትም ቢቆይ ይቀጣጠላል። ከዚያ ብረቱን በዘይት በራሰ ጨርቅ አብሱ፣ ስስ ሰም ቀቡት። ለእንጨቱ ጥቂት የተልባ ዘይት ይበቃዋል፤ ተልባና ሰም ደግሞ ከጎጃም ገበያ አይጠፉም። ጠፍሩን አትንኩ። ሻጩን የማን እንደነበረ ጠይቁት። ‹‹የአያቴ›› ካለ የአያቱን ስም፣ አገሩን፣ በማን ልቅሶ ወጥቶ እንደነበር መዝግቡ። የገዛችሁበትን ዋጋም ጻፉ፤ ይህቺኛዋ እንኳ የባንክ ሰው አመል ናት።