እጥረቱ ባለቤት አለው

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ጀሞም ይሁን ሃና ማርያም፣ ወረዳ ወይም ጤና ጣቢያ ሄዶ የተጉላላ ሰው ምክንያቱን ቢጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «የሰው ኃይል እጥረት አለብን» የሚል ነው። በየሪፖርቱም «ያጋጠሙ ችግሮች» ከሚለው ርዕስ ሥር አይጠፋም። እጥረቱ እንደ ዝናብ መቅረት ከሰማይ የመጣ ይመስል «አጋጠመን» ይባላል። በዚህ ስም የሚጠሩት ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ባለሙያው በአገር ሲጠፋ፣ መደቡ ተፈቅዶ በጀት በማጣት ክፍት ሲቀር፣ ሠራተኛው ደመወዙን እየወሰደ ስብሰባ ወይም ሥልጠና ላይ ሲውል። መስኮቱ ላይ «ባለሙያው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ይመለሱ» የሚል ወረቀት ከተለጠፈ የጎደለው ሰው ሳይሆን የሥራ አመራር ነው።

ጤናውን እንመልከት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መለኪያ ለ1,000 ሰው 4.45 ሐኪሞች፣ ነርሶችና አዋላጆች ያስፈልጋሉ፤ አገራችን ከዚህ እጅግ ታንሳለች። በዚችው አገር ግን በሕክምና ተመርቀው ቅጥር የሚጠባበቁ ወጣት ሐኪሞች አሉ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ አንሥተው ሥራ እስከ ማቆም ደርሰዋል። ተመራቂው ሥራ ፈት፣ ተቀጣሪው ኑሮ የከበደው ከሆነ፣ ያጠረው ባለሙያ ብቻ አይደለም፤ ባለሙያውን ቀጥሮ የሚያቆይ በጀትና ውሳኔም ነው።

«ተገልጋዩ የሚፈልገው አገልግሎት እንጂ የቃላት ትንተና አይደለም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የባለሙያ እጦትን ትምህርት ቤት፣ የበጀቱን ፋይናንስ፣ የስብሰባውን የቅርብ ኃላፊ ነው የሚፈታው። ሕመሙ ሳይለይ መድኃኒት አይታዘዝም። «ሠራተኛውን ማሳጣት ነው» ለሚሉም፣ የሦስት ሰው ሥራ ደርቦ የሚሠራውና የሕዝብ ምሬት የሚወርድበት መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ ነው፤ ጉድለቱ በስሙ ቢጠራ ቀድሞ የሚጠቀመው እሱ ነው።

ስለዚህ «የሰው ኃይል እጥረት» የሚል ሪፖርት ሁሉ ሦስት ቁጥሮች ይያዙበት፦ የተፈቀደው መደብ፣ የተቀጠረው ሰው፣ በሥራው ላይ የተገኘው ሰው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት መካከል ላለው ልዩነት በጀት ያዥና ቀጣሪ፣ በኋለኞቹ ሁለት መካከል ላለው የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ለምክር ቤትና ለነዋሪው መልስ ይስጡ።