ድምፅ ከመስጠታችን በፊት

ዛሬ ስለ ሕዝበ ውሳኔ እንነጋገራለን።

ምርጫና ሕዝበ ውሳኔ አንድ አይደሉም። በምርጫ ሰው እንመርጣለን። በሕዝበ ውሳኔ ግን አንድ ጉዳይ ይቀርብልናል። እኛም «ይሁን» ወይም «አይሁን» እንላለን። የመረጥነው ሰው ቢያጠፋ በሚቀጥለው ምርጫ ይለወጣል። በሕዝበ ውሳኔ ያለፈ ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም።

ድሮ ገበሬውን የሚጠይቀው አልነበረም። በ1960 ዓ.ም. አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ታወጀ። የቢቸናና የሞጣ ገበሬ «መሬቴ ሊለካ ነው፣ ርስቴ ሊነካ ነው» ብሎ ሠጋ። «አይሁን» የሚልበት ወረቀት በእጁ አልነበረም። ስለዚህ ጠመንጃ አነሣ። የሰው ሕይወት ጠፋ።

በ1979 ዓ.ም. ወረቀቱ መጣ። ጥር 24 ቀን ሕዝቡ በአዲስ ሕገ መንግሥት ላይ ድምፅ ሰጠ። ረቂቁ ቀደም ብሎ በየገበሬ ማኅበሩ ውይይት ተደርጎበት ነበር። ሕዝቡ ስለ ግብር፣ ስለ ሃይማኖትና ስለ ጋብቻ ብዙ ጠይቋል። በመጨረሻም ከመቶ 81ዱ ደገፈ፣ 18ቱ ተቃወመ ተብሎ ተነገረ። ነገር ግን ያን ጊዜ ፓርቲው አንድ ብቻ ነበር። ተቃውሞውን በአደባባይ የሚያስረዳ ሌላ ወገን አልነበረም። ደግሞም ከመቶ በላይ አንቀጽ ላለው ሕግ መልሱ አንድ ብቻ ነው። አንዱን አንቀጽ ወድዶ ሌላውን የጠላ ሰው ሁለቱን መመዘን ነበረበት።

ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ በሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። ማንበብ የማይችል ሰው እንዳይቸገር ሁለት ሥዕሎች ቀረቡ። ሻፌታ ራሱን የቻለ ክልል ለመሆን፣ ጎጆ ቤት በነበሩበት ክልል ለመቆየት። ሥዕል የት ላይ ምልክት እንደምናደርግ ያሳየናል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ግን አይነግረንም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ።

1ኛ. የተጠየቅነው ምንድን ነው? ጽሑፉን ራሳችን እናንብብ። ያልገባን ቃል ካለ እንጠይቅ። መጠየቅ አያሳፍርም።

2ኛ. «ይሁን» ብንል በመሬታችን፣ በግብራችን፣ በልጆቻችን ላይ ምን ይለወጣል? «አይሁን» ብንልስ ምን እንዳለ ይቀራል?

3ኛ. የሁለቱንም ወገን ቃል ሰምተናል ወይ? ሽማግሌ ጠብ ሲዳኝ የከሳሹን ብቻ ሰምቶ አይፈርድም። እኛም እንዲሁ እናድርግ።

በስብሰባ እጅ ስናወጣ ጎረቤት ያየናል። ይሉኝታም ይይዘናል። ድምፅ መስጫው ውስጥ ግን ብቻችንን ነን። ባል ለሚስቱ፣ ሊቀ መንበርም ለአባሉ ምልክት ሊያደርግ አይገባም።

ይህን ጽሑፍ ለቤተሰባችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ከዚያም ተወያዩ። በ1960 ዓ.ም. ገበሬው ወረቀቱ ቢኖረው ኖሮ፣ በፊት ምን መጠየቅ ነበረበት?