የጉልበት ንረት

ማታ ማታ ከጥናት በኋላ በየመኝታ ክፍሉ አንድ ጠረጴዛ ከበው እስከ እኩለ ሌሊት የሚሳሳቁ፣ አንዳንዴም የሚጨቃጨቁ ተማሪዎች እንዳሉ ታውቃላችሁ። ጨዋታቸው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል። ላልተጫወታችሁት፣ በተለይም ለመምህራኖቻችን፣ ባጭሩ እናስረዳ። አንዱ ዳኛም ተራኪም ይሆናል። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ፈጥረው፣ ተዋጊ ወይም ካህን ወይም አስማተኛ አድርገው፣ በእርሱ አፍ እየተናገሩና ዳይስ እየጣሉ ታሪኩን ይገፋሉ። አሸናፊና ተሸናፊ የለበትም ይባላል። እኛ ግን በዚህ አባባል ላይ ጥርጣሬ አለን።

ከመካከላችን የሉማሜ ልጆች አሉ። ሉማሜ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው ጎዳና ላይ ያለች የአዋበል ወረዳ ከተማ ናት፤ አውቶቡስ ሁሉ ያልፍባታል፣ የዚህ ጨዋታ አዲስ መጽሐፍ ግን እስካሁን ወርዶባት አያውቅም። ስለዚህ ልጆቹ ክረምቱን ሙሉ የሚጫወቱት ጥጉ በተበላ አንድ የፎቶ ኮፒ መጽሐፍ ነው። በዚያች መጽሐፍ ተዋጊዎቻቸውን አሳድገው፣ ስም አውጥተው፣ ጠባሳቸውን ሳይቀር ቆጥረው በመስከረም ወደ ግቢ ይመጣሉ። እዚህ ደግሞ የቅርብ ጊዜዎቹን መጻሕፍት በስልኩ የጫነ ጓደኛ ትናንት የፈጠረውን ገጸ ባሕርይ ይዞ ይቀመጣል። የእርሱ ሰው በአንድ ተራ የሚሠራውን የሉማሜው ተዋጊ በሦስት ተራ አይደርስበትም። የክረምቱ ጀግና ችቦ ያዥ ሆኖ ያመሻል። ማንም አልበደለውም፤ ደንቡ ሁሉ ተጠብቋል። በደሉ የመጣው ከመጽሐፉ ነው።

ነገሩ የዛሬ አይደለም። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እንሰጣለን።) ጨዋታው በ1974 በጋሪ ጋይጋክስና በዴቭ አርነሰን ሲወጣ የነበሩት መደቦች ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን። በዓመቱ በ1975 በወጣው ተጨማሪ መጽሐፍ ሌባውና ፓላዲን የሚባለው ቅዱስ ፈረሰኛ ገቡ። በዚያው መጽሐፍ የተዋጊው የሕይወት ነጥብ በባለ 6 ፊት ዳይስ መቆጠሩ ቀርቶ በባለ 8 ፊት ሆነ። ደስ ይላል! ግን የጭራቆቹም ነጥብ እንዲሁ ወደ ባለ 8 ፊት ዳይስ ከፍ አለ። እንግዲህ ተዋጊው ምን አተረፈ? በ1985 ጋይጋክስ ራሱ ባወጣው ሌላ መጽሐፍ ደግሞ አዲስ ፈረሰኛና ባርቤሪያን የሚባል ጉልበተኛ ተጨመሩ፤ የቀድሞው ተዋጊ ከእነርሱ ጎን ሲቆም ሎሌ መሰለ።

የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች የዋጋ ንረት የሚሉትን እናስታውስ። የሁሉም ሰው ኪስ እኩል ቢያብጥና የጤፉም ዋጋ አብሮት ቢያብጥ ማንም አልከበረም፤ የሚጎዳው ገንዘቡ በቀድሞው ልክ የቀረበት ሰው ነው። የጠረጴዛውንም ነገር የጉልበት ንረት ብንለው አንሳሳትም። አዲሱ ገጸ ባሕርይ ይበረታል፤ ዳኛው ጨዋታው እንዳይቀልበት ጠላቱን ያበረታል፤ በአሮጌው መጽሐፍ የቀረው ሰው ከሁለቱም በታች ይሆናል።

የአገራችን ሠንጠረዥ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚነግረን አለ። ሠንጠረዥ ስንል ዛሬ በክበባችን የምንጫወተውን ቼዝ ሳይሆን አባቶቻችን መስመር በተሰመረበት ቀይ ጨርቅ ላይ ይጫወቱት የነበረውን ማለታችን ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1814 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ይህን ጨዋታ ይወዱ እንደ ነበር ጽፏል። በሠንጠረዥ ፈርዝ ከንጉሡ ጎን ይቆማል፤ የሚሄደው ግን በማዕዘን አንዲት ቤት ብቻ ነው። ፊል በማዕዘን ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘላል፤ ዕድሜውን ሙሉ ቢዘል ከ64ቱ ቤቶች የሚረግጠው 8ቱን ብቻ ነው። ጉልበት ያላቸው ደርና ፈረስ ናቸው። ታዲያ በደር ወይም በፈረስ ንጉሥ መግደል እንደ ትልቅ ሙያ አይቆጠርም ነበር። ምስጋናው በፊል ወይም በፈርዝ፣ ከሁሉም ይልቅ በመደቅ ለገደለ ሰው ነው። ክብሩ በደካማው ሰው ላይ ስለ ተቀመጠ ማንም ተጫዋች ጉልበተኛ ጨምሩልኝ የሚል ምኞት አያድርበትም፤ ቢጨመርለት ክብሩ ይቀንሳላ!

የሚቃወሙን ጓደኞች መልስ አላቸው፤ መልሳቸውም ቀላል አይደለም። አውሮፓውያን በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ፈርዙን ንግሥት አድርገው ጉልበት ጨመሩለት። በገበታው መካከል ቆሞ 4 ቤት ብቻ ይደርስ የነበረው አሁን 27 ቤት ይደርሳል። ፊሉም እንግሊዞች ጳጳስ የሚሉት ሆኖ የገበታውን እኩሌታ፣ 32 ቤት፣ ወረሰ። ጨዋታው ግን አልተበላሸም፤ እንዲያውም ፈጠነ፣ ዓለምን ሁሉ ያዘ፣ የእኛንም ሠንጠረዥ ከገበታው አስነሣ። ታዲያ ጉልበት መጨመር ምን ክፋት አለው? ይሉናል።

እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር ይታይልን። አንደኛ፣ ንግሥቲቱ ለነጩም ለጥቁሩም እኩል ተሰጠች፤ መጽሐፍ የገዛው ብቻ ይዟት አልተቀመጠም። ሁለተኛ፣ ያ ለውጥ ከሆነ ወዲህ 500 ዓመት አልፏል፤ ከዚያ የምትበልጥ ሌላ ንግሥት አልተጨመረችም። የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ካፓብላንካ በ1920ዎቹ ገበታውን አስፍቶ ሁለት አዳዲስ ጉልበተኞች ይግቡ ቢል ዓለም አልተቀበለውም። ቦቢ ፊሸር ግን በ1996 ለማንም ቅንጣት ጉልበት ሳይጨምር የኋላውን ረድፍ አሰላለፍ ብቻ በዕጣ እንዲቀያየር አድርጎ 960 ዓይነት መነሻ አወጣ፤ እርሱ እስከ ዛሬ ይጫወቱታል።

እኛ የጎጃም ልጆች ይህን ከቅኔ ቤት ልናውቀው ይገባን ነበር። ጉባኤ ቃና 2 ቤት ነው፤ መወድስ 8 ቤት ነው። ተማሪው በረታ ተብሎ ዘጠነኛ ቤት አይጨመርለትም፤ መወድስ የቻለውም ጉባኤ ቃናን አይንቅም። አዲስ ነገር የለም ማለት ግን አይደለም፤ ዋድላ፣ ጎንጅና ዋሸራ እያንዳንዳቸው የራሳቸው መንገድ አላቸው። መንገድ ተጨመረ እንጂ ጉልበት አልተጨመረም።

ስለዚህ አዲስ መደብ ሁሉ ይከልከል አንልም። በተዋጊነት የሰለቸ ሰው አለ፤ ዓይን አፋር የሆነና የሚመስለውን ገጸ ባሕርይ በአዲሱ መጽሐፍ ያገኘም አለ። የምንጠይቀው ይህ ነው። በአንድ ወሰነ ትምህርት በአንድ ጠረጴዛ የሚሠራበት መጽሐፍ ከመጀመሪያው ይወሰን፤ ያም በሁሉም እጅ ያለው ይሁን፤ የሉማሜዋም ፎቶ ኮፒ ትቆጠር። ከዚያ ውጭ የሆነ መደብ የሚፈልግ ሰው ለጠረጴዛው አንብቦ ያሰማ፤ ዳኛውም ለሚሰጠው አዲስ ኃይል ሌላ አንድ ኃይል ይቀንስበት። ታሪኩ ሲያልቅም ማን የበለጠ ገደለ ተብሎ መቆጠሩ ቀርቶ በደካማ ገጸ ባሕርይ ጓደኞቹን ያዳነ በሠንጠረዥ ደንብ ይመስገን።

አንዳንድ ዳኞች ይህ ነፃነታችንን ይነካል ብለው አስቀድመው እንዳጉረመረሙ ሰምተናል። ቅሬታቸውን ከአንድ ገጽ ሳያስበልጡ ጽፈው በማኅበሩ ሳጥን ቢያስገቡልን በሚመጣው እትም ከዚሁ ዓምድ ላይ እናወጣላቸዋለን፤ ቀዩን ጨርቅና ጠጠሮቹን አዘጋጅቶ ሠንጠረዥ ሊያሳየን የሚችል መምህር ካለም የጨዋታው ክፍል ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክፍት ነው።