የዝሆኑ ፊልም መጨረሻው አይቆረጥ



ሰሞኑን ቡና ላይም ሆነ በር ላይ የሚወራው አንድ ነገር ሆኗል፤ የዝሆኑ ፊልም ለልጆች ይታይ ወይስ አይታይ። እንደሚታወቀው ማኅበራችን አብዛኛው ወላጅ ከፈረቃ ሥራ የሚያርፍበትን አንድ እሑድ መርጦ ለሰፈሩ ልጆች ፊልም ለማሳየት አስቧል። የተመረጠውም እኛ ትልልቆቹ በልጅነታችን ያየነው የሕንድ ፊልም፣ «ሃቲ ሜሬ ሳቲ» ነው። ትርጉሙ «ዝሆን ጓደኛዬ» እንደ ማለት ነው። ልጆቹ ፊት ከመቅረቡ በፊት ጥቂት ወላጆች ተሰብስበን እንደገና አየነው። አይተን ስንጨርስ ግን አልተስማማንም። ገሚሱ «መጨረሻው ይቆረጥ፣ ሕፃናቱን ያስለቅሳል» አለ። ገሚሱ ደግሞ «ያረጀ ፊልም ነው፣ ጭራሹን ይቅር» አለ። እኛ ሙሉው ይታይ ከሚሉት ወገን ነን። ምክንያታችንንም በዚህ ሰሌዳ ላይ ለማስረዳት እንወዳለን።

በመጀመሪያ ፊልሙን ለማያውቁት ጥቂት እንበል። «ሃቲ ሜሬ ሳቲ» በፈረንጆች አቆጣጠር በ1971፣ በእኛ በ1963 ዓ.ም. የወጣ ነው። ያዘጋጀው ኤም. ኤ. ቲሩሙጋም ሲሆን ዋናዎቹ ተዋንያን ራጄሽ ካና እና ታኑጃ ናቸው። ራጄሽ ካና በዘመኑ በሕንድ አገር እሱን የሚያህል ዝነኛ ተዋናይ አልነበረም፤ ያረፈው በ2004 ዓ.ም. ነው። የሕንድ ፊልም በአገራችን እንግዳ አይደለም። «ማዘር ኢንዲያ»ን አይተው ያለቀሱ እናቶቻችን ዛሬም ስሙን ሲሰሙ ይተክዛሉ። በየትምህርት ቤቱ ሒሳብና ሳይንስ ያስተምሩ የነበሩ የሕንድ መምህራንም ብዙ ነበሩ። ታዲያ ከተማችን ገና ናዝሬት ስትባል ይህንን ፊልም ያየን ልጆች ሂንዲ አንድ ቃል አናውቅም ነበር። ከፊት የተቀመጡት ትልልቆቹ ልጆች እየገመቱ ይነግሩናል፤ እኛም የነገሩንን አምነን እንስቃለን፣ እናለቅሳለን። ቋንቋውን ሳናውቅ ታሪኩ ገብቶን ነበር እኮ!

ታሪኩ እንዲህ ነው። ራጁ የሚባል ወላጅ የሌለው ልጅ በነብር ሊበላ ሲል ዝሆኖች ያድኑታል። ከአራት ዝሆኖች ጋር ያድጋል፤ ከሁሉም አብልጦ የሚወደው ራሙ የሚባለውን ነው። የሚበላው ሲያጣ ከዝሆኖቹ ጋር መንገድ ዳር ትርኢት እያሳየ ይኖራል። በኋላ ይሳካለትና «የፍቅር ዓለም» ብሎ የሰየመውን የአራዊት ማኖሪያ ይከፍታል። ታኑ የምትባል የሀብታም ልጅ ያገባል፤ ልጅም ይወልዳሉ። ታኑ ግን ዝሆኖቹ ሕፃኑን ይጎዱብኛል ብላ ትፈራለች። በመጨረሻም «ወይ ዝሆኖቹን ወይ እኛን ምረጥ» ትለዋለች። ራጁ ዝሆኖቹን ይመርጣል። ያን ጊዜ ባልና ሚስቱን ለማስታረቅ የሚነሣው ራሙ ራሱ ነው፤ በዚህም ምክንያት በክፉ ሰው እጅ ሕይወቱን ያጣል።

በልጅነታችን ይህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዝሆን ጓደኛ ማግኘት። ታኑ ስትቆጣ ከአዳራሹ ሁሉ «ምናለ ዝም ብትል!» የሚል ጉምጉምታ ይነሣ ነበር። ልጅ ከልጅ ወገን ነው፤ የራጁ ወገን መሆኑ አያስደንቅም።

አሁን በጐልማሳ ዓይን ሲታይ ፊልሙ ሌላ ነገር ይዞ ይመጣል። ታኑ ክፉ ሴት አይደለችም። አራስ ልጇን ከብዙ ኩንታል በላይ ከሚመዝን እንስሳ አጠገብ አስተኝታ እንቅልፍ የሚወስዳት እናት ማን ናት? ከመካከላችን አንዲት በፋብሪካ የምትሠራ እናት ፊልሙን ስታይ «እኔ ብሆን ከሷ ቀድሜ ነበር የምወጣው» ብላ ሁላችንንም አስቃናለች፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። ራጁስ ቢሆን? ያሳደጉትን አልከዳም ማለቱ ያስመሰግነዋል፤ ሚስቱንና ልጁን መተዉ ግን ያስጠይቀዋል። ልጅ ሆነን ያላየነው ይኼ ነው። ፊልሙ የዝሆን ፊልም ብቻ አይደለም፤ ሁለት ሰዎች እየተዋደዱ መነጋገር ሲያቅታቸው ዋጋውን ማን እንደሚከፍል የሚያሳይ ፊልም ነው። «ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው» እንላለን። እዚህ ላይ ግን የተጣሉት ሰዎች ናቸው፤ የተጎዳው ዝሆኑ ነው።

እንግዲህ መጨረሻው ይቆረጥ የሚለው ሐሳብ የማያስኬደው በዚህ ምክንያት ነው። ራሙ ሳይሞት ፊልሙ ቢያልቅ ልጆቹ የሚያዩት ባልና ሚስት ተጣልተው መለያየታቸውን ነው። ጥሉ ይቀራል፣ እርቁ ይጠፋል። ወይም ደግሞ እርቁ ብቻ ተቀጥሎ ቢታይ በነጻ የመጣ ይመስላል። ይህ ለልጅ የሚነገር ውሸት ነው። ልጆቻችንን እንዳያለቅሱ ብለን የማይረባ ታሪክ ይዘው ወደ ቤታቸው እንዲገቡ ማድረግ የለብንም።

«ሕፃን ምን አስለቀሰው?» የሚሉ ወላጆችን ሐሳብ አናቃልልም። ለልጅ ማሰብ ነው። ነገር ግን ወደ ገዛ ቤታችን እንመልከት። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ወደ ሰፈራችን ብዙ ሰው ከየገጠሩና ከየከተማው መጥቷል። አያቱን ትቶ የመጣ ልጅ አለ። እናቱ የማታ ፈረቃ ስትገባ ከጎረቤት ጋር የሚያመሽ ልጅ አለ። ሐዘንን እነዚህ ልጆች ከፊልም አይማሩትም፤ ያውቁታል። የጎደላቸው ሐዘኑን አብሮ የሚካፈል ትልቅ ሰው ነው። በስልክ ላይ ብቻቸውን የሚያዩት ነገር ከራሙ ሞት የባሰ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን «የዝሆን ጆሮ ይስጠኝ» ብለን እናልፋለን። በስልክ ያየ ልጅ ቢደነግጥም ብቻውን ነው። እዚህ ግን ቢያለቅስ በአንድ ወገን ጓደኛው፣ በሌላ ወገን የጎረቤት እናት አለችው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

«ያረጀ ፊልም ነው» ለሚሉትም መልስ አለን። ማርጀቱን ማን ይክዳል? ዘፈኑ ብዙ ነው፣ ርዝመቱ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ነው፣ ክፉው ሰው ገና ሲገባ ክፉ መሆኑ ያስታውቃል። ይሁን እንጂ አያትም፣ እናትም፣ የሰባት ዓመት ልጅም አንድ ላይ ተቀምጠው የሚያዩት ስንት ነገር ቀርቶልናል? በየቤቱ አንዱ ተከታታይ ድራማ ያያል፣ አንዱ ኳስ፣ አንዱ ስልኩን። እድሜው ሃምሳ ዓመት ያለፈ ፊልም ሦስት ትውልድ ካስቀመጠ ማርጀቱ ጉዳት አይደለም።

አንድ ነገር ግን ለልጆቹ በግልጽ ሊነገር ይገባል ብለን እናምናለን። ዝሆን እንደ ውሻ የቤት ጓደኛ አይደለም። በፊልሙ የሚታዩት የእስያ ዝሆኖች ትርኢት እንዲያሳዩ የሠለጠኑ ናቸው። የዱር ዝሆንን ለዚህ ማድረስ ብዙ ጊዜ ከእናቱ ለይቶ በሰንሰለት ማሰርን ይጠይቃል። የራጁ የፍቅር ዓለምም ቢሆን አጥር አለው። የእኛ አገር ዝሆኖች ደግሞ የአፍሪካ ዝሆኖች ናቸው፤ ጆሯቸው ከእስያዎቹ ይሰፋል፣ ሴቷም ወንዱም ጥርስ ያወጣሉ። እናቲቱ ልጇን የምትሸከመው ሃያ ሁለት ወር ያህል ነው። ከከተማችን በስተምሥራቅ፣ ከሐረር ባሻገር፣ በ1970 እ.ኤ.አ. ለዝሆን ጥበቃ የተከለለው የባቢሌ መጠለያ አለ። በዚያ ያሉት ዝሆኖች በሰፈራ መስፋፋትና በጥርስ አዳኞች ምክንያት አደጋ ላይ ናቸው። ለራሙ ያለቀሰ ልጅ ይህንን ሲሰማ «ምን ይደረግ?» ብሎ ይጠይቃል። እንዲጠይቅም ነው የምንፈልገው። እንባውን ከቆረጥንበት ግን ጥያቄውንም ቆረጥነው ማለት ነው።

ስለሆነም የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ፊልሙ ሳይቆረጥ ይታይ። ረዥም ስለሆነ ግን መካከል ላይ እረፍት ይደረግ፤ ቆሎና ውኃ ይቅረብ። የሕንድ ፊልም ድሮውንም እረፍት እንዲኖረው ሆኖ የሚሠራ ነው።

ሁለተኛ፣ ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ያለ ወላጅ ወይም ያለ ታላቅ እኅት ወንድም አይግቡ። እናቱ ፈረቃ ላይ ያለች ልጅ እንዳይቀር ጎረቤት ይዞት ይምጣ።

ሦስተኛ፣ ታሪኩን በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም የሚያስረዱ ሁለት ወጣቶች ይመደቡ። እንደ ድሮው ከፊት የተቀመጠ እየገመተ አይንገራቸው።

አራተኛ፣ ሲያልቅ መብራቱ በርቶ ወዲያው ወደ ቤት አይበተን። ግማሽ ሰዓት እንቀመጥና ልጆቹ ይናገሩ። ታኑ ልክ ነበረች ወይ? ራጁስ? ብለን እንጠይቃቸው። ከእኛ የተሻለ መልስ ሳይኖራቸው አይቀርም።

ፊልሙን ለማምጣት ኃላፊነት የወሰዱትም ልብ ይበሉ። በ2021 እ.ኤ.አ. በዚሁ ስም ሌላ ፊልም ወጥቷል፤ ታሪኩ ስለ ደንና ስለ ዝሆኖች መንገድ መዘጋት ነው፣ ራጁና ራሙ የሉበትም። ስሙን ብቻ አይታችሁ እንዳታመጡብን አደራ።

በመጨረሻም፣ ጉዳዩ በሚቀጥለው የማኅበሩ ስብሰባ ይወሰናል። ይቆረጥ የምትሉም፣ ይቅር የምትሉም ኑና ተናገሩ፤ በር ላይ ማጉረምረም ለልጆቹ አይጠቅማቸውም። እኛ በበኩላችን መሐረብ ይዘን እንመጣለን።