ለጥር 23 ብቻ አይምጡ



ይህን የምጽፍልዎ ከጫግኒ ነው። ምናልባት በከተማችን አልፈው ያውቁ ይሆናል። ወደ ግልገል በለስ፣ ከዚያም ወደ ጉባና ወደ ሕዳሴው ግድብ የሚወርደው መንገድ በመካከላችን ያልፋልና መኪና አይጠፋብንም። ሰው ይወርዳል፣ ቁርሱን ይበላል፣ ጎማውን ያስነፋል፣ ይሄዳል። ጥር 23 ቀን፣ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር፣ ደግሞ እንግዳው ሁሉ እንጅባራ ላይ ይከማችና ፈረሱን አይቶ፣ ፎቶውን አንሥቶ፣ ሳይመሽበት ወደ ባሕር ዳር ይመለሳል። ደብዳቤዬ ልመና ነው፤ እባክዎ ይደሩልን።

የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። በዓሉ የሚውለው በጊዮርጊስ ዕለት ሲሆን፣ ዐድዋ የዘመቱት አባቶችና ፈረሶቻቸው ይታሰቡበታል። ሜዳው ላይ የሚያዩት ጉግስና ግልቢያ ግን ከማኅበሩ ሥራ ጥቂቱ ነው። ፈረሰኛው ለቅሶ ይደርሳል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ የተጣላ ያስታርቃል። ይህን በግማሽ ቀን ማየት አይቻልም።

አንድ ዓመት የበዓሉን ዋዜማ ባንጃ ወረዳ ውስጥ ከአንድ ፈረሰኛ ቤት አደርኩ። ሽማግሌው ፈረሳቸውን ሊያለብሱ የተነሡት ገና ሳይነጋ ነበር። መጀመሪያ ጀርባውን በመዳፋቸው ቀስ ብለው ዳሰሱት፤ ኮርቻ የላጠው ቦታ እንዳይኖር ነው። ኮርቻውን ጭነው የሆዱን ጠፍር ሲስቡ ፈረሱ ሆዱን ነፋ። አልተቆጡትም። አንገቱን እያሻሹ ቆሙ፤ ትንፋሹን ሲለቅ አንድ ጊዜ ሳብ አድርገው አጠበቁት። ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ የክር ጌጡን ግንባሩ ላይ ያሰሩለት በመጨረሻ ነው። «አባባ፣ ዛሬ ያሸንፋል?» ብላቸው፣ «ክረምቱን ሙሉ ሞፈር ሲጎትትልኝ ከረመ፤ ዛሬ የእሱ ቀን ነው» አሉኝ። በደጋችን በፈረስ ይታረሳል። ከዚያ ወዲህ ጌጡ ሲያብረቀርቅ ባየሁ ቁጥር ዓይኔን የሚስበው የትከሻው ጡንቻ ነው።

ጃፓን ውስጥም የእኛን የሚመስል በዓል አለ። ፉኩሺማ በሚባለው ግዛት፣ በሶማ አካባቢ የሚከበር «ኖማኦይ» ይሉታል፤ ከሺህ ዓመት በላይ እንደቆየ ይነገርለታል። ወደ 400 የሚጠጉ ፈረሰኞች የሳሙራይ ጥሩር ለብሰው ይወጣሉ፤ ከርችት ጋር ወደ ሰማይ የተተኮሰ ባንዲራ እየተንሳፈፈ ሲወርድ ለመንጠቅ ይሻማሉ። በመጨረሻው ቀን ነጭ የለበሱ ሰዎች ፈረስ በባዶ እጃቸው ይዘው ለኦዳካ ቤተ መቅደስ ያቀርባሉ። እኔን ያስቀናኝ ሦስት ቀን መሆኑ ነው። ሦስት ቀን የሚቆይ እንግዳ ያድራል፣ ከባለአገር ጋር ይበላል፣ የፈረሱን ስም ይጠይቃል።

እ.አ.አ. በ2011 ያንን አገር የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ሱናሚና የኑክሌር ጣቢያ አደጋ መታው። የኦዳካ ነዋሪዎች ከቤታቸው ወጥተው እስከ 2016 ድረስ መመለስ አልቻሉም። በዓሉ ግን በአደጋው ዓመት እንኳ፣ አነስ ብሎም ቢሆን፣ ተካሄደ። ይህን ሳነብ በ2013 ዓ.ም. ከመተከል ተፈናቅለው እዚህ ጫግኒ፣ ራንች በምንለው ቦታ የሰፈሩት ወገኖቻችን ትዝ አሉኝ። የከተማው እናቶች እንጀራ በመሶብ ተሸክመው ወደዚያ ሲሄዱ አይቻለሁ። ጫግኒ ሰው መቀበል ታውቃለች ስልዎ ያንን ይዤ ነው።

ቆይቶ ማየት ምን እንደሚያተርፍ የዳንግላ ከተማ ምስክር ናት። ቺዝማን የሚባል እንግሊዛዊ ቆንስል እ.አ.አ. ከ1925 እስከ 1934 እዚያ ተቀምጦ፣ ጣናንና ዓባይን በእግርና በበቅሎ ዞሮ ካርታ አነሣ፤ መጽሐፉም በ1936 ታተመ። ዘጠኝ ዓመት ይቀመጡ አልልዎትም፤ ሦስት ሌሊት ይበቃኛል።

ጥር 22 እንጅባራ ይግቡ። ደጋ ነው፤ ከ2,500 ሜትር በላይ ነውና ጋቢ ይያዙ። ማታ እሳት ዳር ሽማግሌ ካገኙ ስለ ሰባት ቤት አገው ይጠይቁ፤ አንከሻ፣ ባንጃ፣ አዘና፣ ቋኩራ፣ ጫራ፣ ዚገም፣ መተከል እያሉ ይቆጥሩልዎታል። ቋንቋቸውን አውኚን ሲናገሩ ዝም ብለው ይስሙ። በማግሥቱ በዓሉን ይዋሉ፤ ፎቶ ሲያነሡ ግን አስቀድመው ባለፈረሱን ሰላም ይበሉ። ሰውዬውን እንደ ዛፍ አንሥቶ የሚሄድ እንግዳ ያሳዝነኛል።

ጥር 24 በጠዋት ዘንገና ሐይቅ ይሂዱ። ከእንጅባራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፤ እሳተ ገሞራ የፈጠረው፣ ወርዱ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ 166 ሜትር። ዙሪያውን ደን ከቦታል። ከዚያ ወደ እኛ ይውረዱ። 60 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ቀርከሃውና ዲከረንስ የሚሉት ዛፍ ደን ወደ ኋላ ይቀሩና ማንጎ ይቀበልዎታል፤ ጋቢውን ያወልቃሉ። ገበያችን ውስጥ አውኚ፣ አማርኛና ጉሙዝኛ በአንድ የበርበሬ ሚዛን ላይ ይከራከራሉ። በወረዳችን በጓንጓ ዶንዶር ፏፏቴም አለ፤ ክረምት እንደወጣ ቢያዩት ይሻላል።

ስለ መንገዱ ሥጋት እንዳለብዎ አውቃለሁ፤ እኛም አለብን። ስለዚህ ከመነሣትዎ በፊት እዚህ ያለ ዘመድ ወይም ወዳጅ ደውለው ይጠይቁ። «ቆይ» ካለዎ ይቆዩ፤ በዓሉ በየዓመቱ አለ።

በጥር ሲመጡ ማንጎው ገና ጥሬ ነው። ለእሱ ሚያዝያ ላይ ይመለሱ።

አክባሪዎ፣
ከጫግኒ