ለኦናው ማን «ቤቶች!» ይበል?

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ በተዘጋጀ አንድ የሥነ ጽሑፍ ምሽት ላይ አንድ ወጣት ደራሲ አጭር አስፈሪ ታሪክ አነበበልን። ቦታው መካነ ሰላም፣ ቤቱ ኦና። ከጓሮው ጉድጓድ ነጭ የለበሰች፣ ጥቁር ዞማ ጸጉሯ ፊቷን የሸፈነው ሴት እየዳኸች ትወጣለች። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ግን አላጨበጨብኩም፤ ሴትዮዋን አውቃታለሁና! እ.ኤ.አ. በ1998 በሂዴዎ ናካታ አዘጋጅነት ከቀረበው «ሪንግ» ከተባለው የጃፓን ፊልም የመጣችው ሳዳኮ ናት። የቦረናን ደጋ በእግሯ ረግጣው አታውቅም።

መዋስ ነውር ነው አልልም። ነውሩ ጸጉሩን ወስዶ በደሉን መተው ነው። የጃፓን ሙት እንዲያው ሰው ለማስደንገጥ አይነሳም፤ የሚነሳው አቤቱታ ስላለው ነው። ከሳዳኮ በፊት በአፈ ታሪክ የምትታወቀው ኦኪኩ ነበረች። ከጌታዋ አሥር ሳህኖች አንዱን አጥፍተሻል ተብላ ጉድጓድ የተጣለች ገረድ ናት፤ ሌሊት ሌሊት እስከ ዘጠኝ ትቆጥርና ትጮኻለች። እንግዲህ ልጠይቅ፤ የእኛ ደራሲ ሴት ማን በደላት? ምን ጎደለባት? መልስ የለም። ጸጉር ብቻ!

ከመድረክ ሲወርድ ይህንኑ ብነግረው «ታዲያ የእኛ አገር ኦና ምን ታሪክ አለው?» አለኝ። ልንገረው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመካነ ሰላም ወጣ ብለው የሚኖሩ አክስቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። አመሻሽ ላይ ከለቅሶ ቤት ስንመለስ፣ ጣራው ወድቆ የድንጋይ ግድግዳው ብቻ ከቀረ ቤት ደጃፍ ደረስን። አክስቴ ቆም አሉና «ቤቶች! እንደምን አመሻችሁ!» ብለው ተጣሩ። ጥቂት ጠበቁ። ከዚያ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ጀርባዬን ቀዘቀዘኝ።

«እትዬ፣ ማን አለና ነው?» አልኳቸው።

«አብሽር ልጄ፣ የሚነካህ የለም። በሰባ ሰባት ለሰፈራ ሲወስዷቸው ሳልሰናበታቸው ቀረሁ።»

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ የደርግ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ያጓጓዘው ሕዝብ 600,000 ያህል ነው። ብዙው ወዶ አልሄደም፤ ባል ከሚስት፣ ልጅ ከእናት የተለያየበት ነበር። ከዚህ የበለጠ በመንፈስ የተሞላ ቤት ከየት ይምጣ?

«ወሎን ከረሃብ ጋር ብቻ ማንሳት ሰለቸን» የሚሉኝ አሉ። እውነት አላቸው፤ እኔም ሰልችቶኛል። ነገር ግን አክስቴ ስለ ረሃብ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። የነገሩኝ ስላልተባለ «ደህና ሁኑ» ነው። «ይህ የባልቴት ወሬ ነው» ለሚሉት ደግሞ ጃፓኖችን ልጥቀስ። በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን፣ በተራሮች መካከል፣ ቶኖ የሚባል አገር አለ። ኩኒዎ ያናጊታ የተባለው ምሁር፣ ኪዜን ሳሳኪ የተባለ የዚያው አገር ተወላጅ የተረከለትን ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1910 አሳተመ። እዚያ ውስጥ ዛሺኪ ዋራሺ የሚሉት፣ ቤት ውስጥ የሚኖር የሕፃን መንፈስ አለ። እሱ ካለ ቤቱ ይበለጽጋል፤ ጥሎ ከወጣ ቤቱ ይፈርሳል። በክፉ ዘመን ከተገደሉ ሕፃናት ትዝታ ጋር የሚያያይዙትም አሉ። ያናጊታ የባልቴት ወሬ ብሎ ቢንቀው ኖሮ፣ ዛሬ እኛ የምንዋሰው ባልኖረም ነበር።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባላል። ወጣቱ ደራሲ ተሰጥኦ እንዳለው አልጠራጠርም፤ ያስደነግጣል። ግን ቦረናን የጠራት ለስሟ ብቻ ነው። አውቶቡስ ይሳፈር፤ ሄዶ ከአንድ ኦና ደጃፍ ይቁም፤ እነማን ይኖሩበት እንደነበር ጎረቤቱን ይጠይቅ። በሰባ ሰባት ልጅ የነበሩት እንኳ ዛሬ ሸምግለዋል፤ አክስቴም ዓይናቸው ደክሟል። እሳቸው ያለፉ ዕለት በዚያ ደጃፍ «ቤቶች!» የሚል አይኖርም። ያን ጊዜ ኦናው በእርግጥ ኦና ይሆናል።