የጅጋ ልጅ ላብ እና የመተማ ሌሊት

ክረምት ሲገባ ጅጋ ላይ አስፋልቱ ዳር ፌስታል አንጠልጥለው መኪና የሚጠብቁ ወጣቶች ይበዛሉ። መንገዱ ሰላም በሆነ ዓመት የብዙዎቹ መድረሻ መተማ ነው። መጀመሪያ የሰሊጥ አረም፣ ከዚያ አጨዳ። ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከደምበጫ ገጠር መሬት ያልደረሰው ልጅ ይህን መንገድ ጠንቅቆ ያውቀዋል።

ወባውና ካላዛሩ ያልጣለው ሥራውን ጨርሶ ደመወዙን ይቀበላል። ይሁንና ገንዘቡን ይዞ አገሩ የሚገባው ሁሉም አይደለም። ባዶ እጁን መመለስ አፍሮ በረሃ ለበረሃ የሚከርመውን ሰው አገሬው ስም አውጥቶለታል፤ "ሳሉግ" ይለዋል። ታዲያ ያ ሁሉ ብር የት ገባ?

አንዱ መልስ ያለው መተማ ዮሐንስ ከተማ፣ ከመሸ በኋላ ነው።

መተማ ዮሐንስን ከሱዳኗ ጋላባት የሚለያት አንድ አጭር ድልድይ ነው። ኒሜሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1983 የሸሪዓ ሕግ አውጀው መጠጥ ከከለከሉ ወዲህ፣ ካርቱም ላይ የሚያስገርፍ ቢራ ድልድዩን ሲሻገሩ በብርጭቆ የሚቀርብ ሆነ። በ2020 ሙስሊም ላልሆኑ ቢፈቀድም ለአብዛኛው ሱዳናዊ ክልከላው አልተነሳም። መተማም በዚህ ላይ ቆመች። ቀን ፉልና ዝንጅብል ያለበት ቡና፣ ማታ ቢራና የሁለቱ አገር ዘፈን። ከሱዳናዊው ነጋዴና ሹፌር ጎን የጎጃሙ አጫጅ ይቀመጣል። የምትቀዳውም ልጅ ብዙ ጊዜ እንደ እሱ ከደጋ የወረደች፣ እናቷ ገንዘብ እንድትልክ የምትጠብቃት ናት።

ይህ ታሪክ በዓለም የመጀመሪያው አይደለም። አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ ስትከለክል ድንበር ላይ ያለችው የሜክሲኮ ከተማ ቲዋና በአንድ ጀምበር የመጠጥ ቤት ከተማ ሆነች። በ1928 አጓ ካሊየንቴ የተባለ ትልቅ የቁማርና የመዝናኛ ስፍራ ተከፈተ። ከዚያ አሜሪካ ክልከላውን አነሳች፤ በ1935 ደግሞ ፕሬዚዳንት ካርዴናስ ቁማር ከለከሉና ቤቱ ተዘጋ። ከዚያ ዘመን እስከ ዛሬ ለቲዋና ስም የሆናት በ1924 አንድ ምግብ ቤቷ ውስጥ ተሠራ የሚባለው፣ የአዲስ አበባ ሆቴሎችም በሜኑ የሚያቀርቡት ሲዘር ሰላጣ ነው። ስካሩ አለፈ፣ ሙያው ቀረ።

የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል። የጎረቤት ሕግም እንደዚያው ነው። በጎረቤት ክልከላ የቆመ ገበያ የጎረቤት ነገር ሲለወጥ ይፈርሳል። ሚያዝያ 2015 ሱዳን በጦርነት ስትነድ ይኸው ታየ። ትናንት ለመዝናናት ድልድዩን የሚሻገር ሰው ልጁን አቅፎ በስደት መጣ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል ራሱ ጦርነት ውስጥ ገባ፤ መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ የሠራተኛውም የነጋዴውም እግር አጠረ።

"መጠጥ ቤቱ ባይኖር ከተማው በምን ይኖር ነበር?" የሚል ይኖራል። ጥያቄው እውነት አለው። ብዙ ቤተሰብ የሚያድረው በዚያ ገቢ ነው፤ በሴቶቹ ላይ ጣት መቀሰርም ሆነ ቤቱን በፖሊስ ማሸግ መፍትሔ አይሆንም። ይሁንና ከተማዋ የምታሳየው ሌላ ነገር የላትምን? አፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁት እዚሁ ነው፤ ከተማዋም የምትጠራው በስማቸው ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ የአፄ ቴዎድሮስ አገር ቋራ አለ፤ ከሱዳኑ ዲንደር ጋር የሚዋሰነው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክም እዚያው ነው። ንጉሠ ነገሥት የሞተላት ከተማ በቢራ ብቻ ስትታወቅ ጥፋቱ የጠጪው ብቻ ነው?

ሰላም ሲመጣ፣ መምጣቱም አይቀርምና፣ ሥራው ከመተማ በፊት ጅጋ ላይ መጀመር አለበት። ወጣቱ ከመሳፈሩ በፊት የሚሠራበት እርሻና ዋጋው በጽሑፍ ይታወቅ። ደመወዙ በረሃ ላይ በጥሬ ብር ከሚቆጠርለት በባንክ ወይም በቴሌብር ይግባለት፤ ከፊሉም በቀጥታ ለቤተሰቡ ይላክ። የአልጋና የምግብ ቤት ባለቤቶችም ለምታስተናግደው ልጅ ከጉርሻ ሌላ የሚታወቅ ደመወዝ ይክፈሉ።

የመዝናናት መብት የሁሉም ነው። ሦስት ወር ሙሉ ጀርባውን ፀሐይ የገረፈው ልጅ አንድ ምሽት ቢዝናና የሚፈርድበት የለም። የሚያሳዝነው የዓመት ላቡ በአንድ ሳምንት ሲያልቅና ጅጋ ላይ አስፋልት አስፋልት የምታይ እናት የልጇን ፌስታል ሳታይ ሌላ ክረምት ሲገባ ነው።

ቸር ያሰማን።